በዶይ ኢንታኖን ፏፏቴና የካረን መንደርን በአንድ ቀን ስለማየት

በሰሜን ታይላንድ ከምትገኘው ከቺያንግ ማይ ከተማ ተነሥተው በጫካ ውስጥ ያለ ፏፏቴንና የተራራ ነዋሪዎችን መንደር በአንድ ቀን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ እኔ የምመርጥልዎ በዶይ ኢንታኖን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘውን የፋ ዶክ ሲዮ የእግር መንገድ ነው። ተራራው 2,565 ሜትር ከፍታ ያለው የታይላንድ ትልቁ ተራራ ስለሆነ ጠዋት ላይ ይበርዳልና ሹራብ አይርሱ።

መንገዱን የሚመራዎት ካረን ከተባለው የተራራ ነዋሪ ብሔረሰብ የሆነ የአካባቢው ተወላጅ ሲሆን፣ ቁልቁል በጫካው ውስጥ አልፈው ፏፏቴው ዘንድ ሲደርሱ የውሃው ብናኝ ፊትዎን ያርሰዋል፤ ከዚያም በእርከን የተሠራውን የሩዝ ማሳ አቋርጠው ሜ ክላንግ ሉዋንግ ከተባለችው መንደር ይወጣሉ። እዚያ የሚቀርብልዎ ቡና መነሻው የእኛው ኢትዮጵያ የሆነው አረቢካ ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የታይላንድ ንጉሥ የልማት ፕሮጀክት፣ አደንዛዥ ዕፅ በሆነው በኦፒየም ምትክ በተራራማው አካባቢ ካስፋፋቸው ተክሎች አንዱ ነውና ሳይቀምሱ አይመለሱ።

ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው የዝናብ ወቅት ፏፏቴው ሞልቶ ቢያምርም መንገዱ ክፉኛ ያንሸራትታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን መሬቱ ይደርቃል፣ ሩዙ ግን ታጭዶ ማሳው ባዶ ይሆናል። ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት በመሪዎ በኩል ፈቃድ ይጠይቁ።