መልስ፦ ቦቱ አንዴ «አንተ» አንዴ «እርስዎ» ለሚልብህ

የገስት ሃውሱ የቴሌግራም ቦትህ (ለእንግዶች በራሱ መልስ የሚሰጠው ፕሮግራም) እንግዳውን አንዴ «አንተ» አንዴ «እርስዎ» የሚለው ፕሮምፕቱ (ለቦቱ የምትጽፍለት መመሪያ) ላይ «ትሁት ሁን» ብቻ ብለህ ስለተውከው ነው። «ሁሌም እርስዎ በል» ብለህ ቁረጥና ከስሩ አራት አምስት የጥያቄና መልስ ናሙና ጻፍለት፣ አንዱ የተናደደ እንግዳ ይሁን። ቴሌግራም ደሞ የተጠቃሚውን ጾታ ለቦት አይነግርም፣ አንተ ይሁን አንቺ እያልክ ከመገመት እርስዎ ይገላግልሃል።

ግን ተጠንቀቅ፣ እኔ እዚሁ ጅማ ለአንድ ቡና ሻጭ ቦት ስሰራ ጨዋታ አዋቂ አድርጌው ነበር እና አንዱ ደንበኛ የፈረሱላ (17 ኪሎ) ዋጋ ሲጠይቀው ቀልዶ ቀልዶ ዋጋውን ከራሱ ፈጥሮ ነገረው፣ ሰውዬው በዛ ዋጋ ካልሸጣችሁልኝ ብሎ ሱቁ ድረስ መጣ (በነጻ ሊወስድ ምንም አልቀረው)። ዋጋ ከሰንጠረዥ ብቻ ያንብብ፣ ካጣው «ከባለቤቱ ጋር ላገናኝዎት» ይበል።