ስለ ኮንሶል አቅም እጄ የነገረኝ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቲቪህ 40 ኢንች ነው፣ የምስል ጥራቱ 1080ፒ። የምትቀመጥበት ቦታ ከሱ ሦስት ሜትር ያህል ይርቃል። ወንድምህ ከዚያ የጠራውን ምስል፣ 4ኬ የሚባለውን፣ የሚያወጣ ኮንሶል (ከቲቪ ጋር የሚሰካ የጌም ማጫወቻ) ካልገዛህ ብርህን ውሃ በላው ይልሃል፣ ጓደኛህ ደግሞ ግራፊክስ ለጌም ምንም አይደለም ይላል። ማንን ልስማ ነው ያልከው። እኔ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ነው የምሰማቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውቻለሁ፣ የደረሰብኝን ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ለወንድምህ ልከራከርለት። ኤችዲ፣ ማለትም ከድሮው ቲቪ የጠራው ምስል፣ ጥቅም አለው። እኔ ይሄን ያወቅኩት በሥዕሉ ውበት ሳይሆን በፊደል ነው። የመጀመሪያውን ኤችዲ ኮንሶሌን ሳገኝ ቲቪዬ ያ ጀርባው የወጣው የድሮው ዓይነት ነበር። በቢጫ፣ ቀይና ነጩ ኬብል ሰካሁት። ጌሙ ተነሳ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ የሚስዮኑ ትእዛዝ በጽሑፍ መምጣት ጀመረ፣ አንዱንም ማንበብ አልቻልኩም። ፊደሎቹ ለኤችዲ ስክሪን ታስበው የተሠሩ ስለነበሩ እኔ ጋ ሲደርሱ ነጭ ጭረት ብቻ ሆኑ። ወዴት ሂድ እንደተባልኩ ሳላውቅ ስንት ምሽት እዚያ ጌም ውስጥ ተንከራተትኩ። ስክሪኑ ሥር ድረስ ሄጄ ባየውም ያው ነበር። በኋላ ቲቪው ሲቀየር ያው ጌም፣ በዚያው ኮንሶል፣ ሌላ ጌም ሆነብኝ። ጽሑፉ ተነበበ፣ ሩቅ ቆሞ የሚተኩስብኝ ሰውዬም ታየኝ። ስለዚህ ግራፊክስ ምንም አይደለም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልስማማም። ያላየኸውን ነገር መጫወት አትችልም።

ግን ከዚያ በኋላ የመጡት ዝላዮች እንደዚያ አልተሰሙኝም። ቁጥሩን ተመልከት። 720ፒ፣ ዝቅተኛው ኤችዲ፣ 921,600 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራበት ትንሽ ነጥብ) ነው፣ 1080ፒ ሁለት ሚሊዮን ገደማ፣ 4ኬ ደግሞ ከስምንት ሚሊዮን በላይ። በወረቀት ላይ ከ1080ፒ ወደ 4ኬ መሄድ አራት እጥፍ ነው፣ ያስጎመጃል። ዓይን ግን በወረቀት አያይም። ጤናማ ዓይን ያለው ሰው 40 ኢንች የሆነ 1080ፒ ስክሪን ላይ ፒክስሎቹን አንድ ባንድ መለየት የሚያቅተው ከ1.6 ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው። አንተ ሦስት ሜትር ላይ ነህ። በዚህ ርቀት ቲቪህን በዚያው መጠን ባለ 4ኬ ብትቀይረው እንኳን ልዩነቱ ዓይንህ ጋ አይደርስም። በእርግጥ አንዳንድ ኮንሶል በ4ኬ የሠራውን ምስል ለ1080ፒ ቲቪ ሲያሳንሰው የነገሮች ጠርዝ ይለሰልሳል፣ እሱን አልክድም። ጥሩ ነገር ነው። ኮንሶል የሚያስቀይር ግን አይደለም።

እኔ ራሴ 4ኬ ቲቪ ቤቴ ካስገባሁ በኋላ አንድ ወር ሙሉ እንዴት ያምራል እያልኩ ተጫወትኩ። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ሴቲንግ ስገባ ኮንሶሉ ያን ሁሉ ጊዜ 1080ፒ ሲያወጣ እንደከረመ አየሁ። አስተካከልኩት። ቀረብ ብዬ ስመለከት ልዩነት አለ፣ ወደ ቦታዬ ስመለስ ግን የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ተከታትለው የሚመጡት ምስሎች። በሰከንድ 30 ፍሬም ማለት አንዱ ምስል 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ስክሪኑ ላይ ይቆያል ማለት ነው። 60 ሲሆን ወደ 17 ይወርዳል። አንተ ቁልፍ ስትጫን ውጤቱ የሚታየው በሚቀጥሉት ምስሎች ላይ ስለሆነ፣ ፍሬሙ እጥፍ ሲሆን የምትጠብቀው ጊዜ ያጥራል። ይሄ እጅ ላይ ነው የሚሰማው። ኳስ ስታቀብል፣ መኪና ስታዞር፣ ምት ስትሸሽ ታውቀዋለህ። የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚጫወተው አንድ የመኪና ጌም አለ። ብዙዎቹ አዳዲስ ጌሞች ሜኑ ውስጥ ምርጫ ይሰጣሉ፣ ወይ ምስሉ ይጥራል ፍሬሙ ግን 30 ይሆናል፣ ወይ ምስሉ ትንሽ ይቀንስና 60 ይሆናል። አንድ ቀን ሳልነግረው ጥራቱን ከፍ አድርጌ ወደ 30 አወረድኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ጆይስቲኩ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ። ወደ 60 መለስኩለት፣ «አሁን ተስተካከለ» ብሎ ቀጠለ። ስለ ምስሉ መጥራት አንድ ቃል አልተናገረም። አስታውስ፣ ልጁ አሥር ዓመቱ ነው፣ ፍሬም ምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም።

ለዚህ ነው ሳጥን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብቻውን የማያሳምነኝ። ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮን ውሰድ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን። የግራፊክስ ጉልበቱ ከ1.84 ወደ 4.2 ቴራፍሎፕ (በሰከንድ የሚሠራው ስሌት መለኪያ) አደገ፣ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ዋናው ቺፕ፣ ግን ያው ዓይነት ነበር፣ ፍጥነቱ ከ1.6 ወደ 2.1 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው ከፍ ያለው። ስለዚህ ብዙ ጌሞች ምስላቸው ጠራ እንጂ 30 ላይ የነበሩት እዚያው 30 ላይ ቀሩ። ሕዝቡን፣ መኪናውን፣ ጠላቱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮሰሰሩ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጡት ኮንሶሎች ላይ 60 የተለመደው ፕሮሰሰሩ በትክክል ስለተለወጠ ነው። በነዚያው በሁለቱ መካከል ደግሞ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 12 ቴራፍሎፕ፣ ፕሌይስቴሽን 5 10 ገደማ ነው ተብሎ ስንት ክርክር ተነሳ። ሁለቱንም ተጫውቻለሁ፣ ያቺን ልዩነት ከቦታዬ ሆኜ አይቻት አላውቅም።

ኤስኤስዲ፣ ጌሙ የሚቀመጥበት ፈጣኑ ማከማቻ፣ ግን ሌላ ነው። ከሱ በፊት በነበረው በቀርፋፋው ሃርድ ዲስክ ዘመን ከባድ ጌም ላይ በሞትኩ ቁጥር አንድ ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ እጠብቅ ነበር። አሥር ጊዜ ስሞት ስልኬን አነሳለሁ፣ ከዚያ ጌሙን እዘጋለሁ። አሁን ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ንዴቴ ሳይበርድ እንደገና እገባለሁ። ከ4ኬና ከዚህ አንዱን ምረጥ ብትለኝ ሳላመነታ ይሄን እወስዳለሁ።

ጓደኛህም እውነት አለው። ጌምቦይ፣ በእጅ የሚያዘው የኒንቴንዶ ኮንሶል፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ ቀለም አልነበረውም፣ ስክሪኑም አያበራም። ተቀናቃኙ ጌም ጊር ቀለምም መብራትም ነበረው። ነገር ግን ስድስት ባትሪ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል፣ ጌምቦይ በአራት ባትሪ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል። ከቀለም ስሪቱ ጋር ተደምሮ ጌምቦይ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ ጌም ጊር አጠገቡም አልደረሰም። የዚያው ኩባንያ ሌላው ኮንሶል፣ ኒንቴንዶ ዊም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀናቃኞቹ በኤችዲ ሲፎክሩ እሱ ከኤችዲ በታች የሆነውን 480ፒ ብቻ ይዞ መጣ፣ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ሁለቱንም በለጠ። እኔ ቤት ምክንያቱን በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ ጆይስቲክ ይዛ አታውቅም፣ አሥር ቁልፍ ስታይ ትሸሽ ነበር። የዊው መቆጣጠሪያ ግን የእጅን እንቅስቃሴ ነው የሚከተለው፤ ቦውሊንጉን ስታይ ተነስታ እጇን ወዘወዘች፣ ኳሱ ተንከባለለ፣ በቃ። ከዚያ ቀን በኋላ ተራዬን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ስክሪኑ ስንት ፒክስል እንዳለው ጠይቃኝ አታውቅም።

አንድ ነገር ጨምሬልህ ልሂድ፣ ብዙ ሰው አያስበውም። ቲቪህ ራሱ ጊዜ ይበላል። ምስሉን ለማሳመር ሲያቀነባብር ቁልፍ ከተጫንክ በኋላ የሚታየውን ያዘገየዋል። እኔ ኮንሶሌ ደከመ ብዬ ልቀይረው ስል ቲቪው ላይ «ጌም ሞድ» የሚባለውን አብርቼ ነው የዳነው። ምንም ሳላወጣ፣ ከአዲስ ኮንሶል የማይተናነስ ለውጥ።

እንግዲህ በአንተ ቦታ ብሆን ለ4ኬ ብዬ ተጨማሪ አልከፍልም። መጀመሪያ ጌም ሞዱን አበራለሁ። ከዚያ መጫወት የምፈልጋቸውን ሦስት አራት ጌሞች እጽፍና እያንዳንዱ በዚያ ኮንሶል በስንት ፍሬም እንደሚሄድ አጣራለሁ፣ 60 ካልሆነና ጌሙ ፈጣን ከሆነ አልገዛም። ኮንሶሉ ኤስኤስዲ ይኑረው። አብረውህ የኳስ ጌም የሚጫወቱት ጓደኞችህ የትኛው ኮንሶል ላይ እንዳሉም ጠይቅ፣ ብቻህን ጠንካራውን ይዘህ ከመቀመጥ እነሱ ያሉበት ይሻልሃል። የቲቪህን ሞዴልና የጌሞቹን ስም እዚሁ ከጻፍክልኝ አብረን እናየዋለን።