ጨጓራን በቀለበት ማጥበብ፣ ውፍረትና ጾም

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 41፣ ክብደቴ 118 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ፤ ቁልቢ ገብርኤል በእግሬ ሄጄ ላስገባው የተሳልኩትን ስለት እንኳ ጉልበቴ አላደርስ ብሎኛል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ወጪውን ሸፍኖልኝ ጨጓራን በቀለበት የማጥበብ ቀዶ ሕክምና እንዳደርግ ይፈልጋል። ጎረቤቶቼ ግን «በደንብ ብትጾሚ ኖሮ እዚህ ባልደረስሽ፤ እግዚአብሔር የሰጠሽን ጨጓራ ማሰር ድፍረት ነው» ይሉኛል። ኃጢአት ነው? ካደረግሁትስ ጾሜና ቁርባኔ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ በሐኪም ለተረጋገጠ ደዌ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ኃጢአት አይደለም፤ ጨጓራም ከሌላው የሰውነት ክፍል ተለይቶ ሐኪም እንዳይነካው አልተከለከለም። ሐሞቷ ታሞ በቀዶ ሕክምና የወጣላትን፣ ወይም ምጡ ጠንቶባት በኦፕራሲዮን የተገላገለችን እናት «የእግዚአብሔርን ሥራ አበላሸሽ» ሲላት የሰማሁት ሰው የለም። ፍርዱ ለውፍረት ሲሆን ብቻ የሚከብደው፣ ውፍረትን እንደ ደዌ ሳይሆን እንደ ሆዳምነት ምስክር ስለምንቆጥረው ነው። በድሬዳዋም ሆነ በሐረር፣ በየሰንበቴውና በየማኅበሩ፣ ይህን አሳብ ደጋግሜ ስለምሰማው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በእርሱ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ።

ጾም የተሠራልን ሥጋን ለነፍስ ለማስገዛት፣ ለጸሎትና ለምጽዋት ልባችንን ለማዘጋጀት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የቱ እንደ ሆነ ሲናገር የበደልን እስራት መፍታትን፣ እንጀራን ለተራበው መቊረስን፣ የተራቈተውን ማልበስን ቈጠረ፤ የሰውነትን ክብደት ከጾም ፍሬዎች መካከል አላነሣም። ጾምን የማክሻ መንገድ አድርጎ የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ ከከሳ በጾሙ ሳይሆን በመልኩ ይመካል፣ ካልከሳ ደግሞ ጾሙ ከንቱ የሆነ ይመስለውና ተስፋ ይቈርጣል። ወደ እኔ ከመጡ እናቶች ጥቂት የማይባሉት በዚህ በሁለተኛው ሐዘን የተሰበሩ ናቸው። ሰባቱንም አጽዋማት ሳያፈርሱ ጾመው፣ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ከጾሙ መግቢያ ይልቅ ጨምረው ስለሚያገኙት፣ እግዚአብሔር ጾማቸውን ያልተቀበለው ይመስላቸዋል።

የሚጨምሩበት ምክንያት ግን በገበታቸው ላይ የሚታይ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ጾሙ ሲፈታ የሚቀርበው ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ሳምቡሳ፣ ፓስታና ዳቦ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ጥሙን ለመቊረጥ የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የተጨመረበት የማንጎ ጭማቂ በላዩ ይታከልበታል። ይህ ሁሉ የጾም ምግብ ነው፤ ሕጉን አላፈረሰም። የጾም መሆኑ ግን የሚያከሳ አያደርገውም። በዚህ ላይ ውፍረት ከወላጆች በዘር የሚመጣበት፣ በሆርሞን መዛባት፣ በእንቅልፍ እጦት፣ ኢንሱሊንን በመሳሰሉ መድኃኒቶችም የሚባባስበት ጊዜ አለ። ሐኪሞች እንደሚያስረዱን፣ ብዙ የከሳ ሰው ሰውነቱ ራሱ ረኃቡን እያበረታ ጉልበቱንም እየቈጠበ ወደ ቀድሞው ክብደት ሊመልሰው ይታገላል። ሆዳምነት በእውነት ኃጢአት ነው፤ ነገር ግን ቀጭን ሆኖ ሆዱን የሚያመልክ አለ፣ ወፍራም ሆኖ በልኩ የሚበላም አለ። ሰው ፊትን ያያል፣ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል (1ኛ ሳሙ. 16፥7)።

ጎረቤቶችዎንም በዚሁ አጋጣሚ እመክራለሁ። ወገኖቼ፣ የእኅታችሁን ጾም በወገቧ መጠን የምትለኩ፣ ይህን ሥልጣን ማንም አልሰጣችሁም። «የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ» (ሮሜ 14፥3) የሚለው ቃል ለእናንተም ተጽፎአል፤ እናንተ ደግሞ የምትፈርዱት አብራችሁ በምትጾም ሴት ላይ ነው። «በእግርሽ ቁልቢ ብትሄጂ ይለቅሽ ነበር» የሚሏትም እንዲሁ ጉልበቷን እያሳመሙ ሕሊናዋንም ያቈስላሉ። እኅቴ፣ ስለትዎን በመኪና ሄደው ቢያስገቡ ቅዱስ ገብርኤል አይቀየምዎትም፤ በእግሬ ብዬ ተስያለሁ የሚለው ካስጨነቀዎት ለንስሐ አባትዎ ይንገሩና እርሳቸው ይፍቱልዎት። ፀበልም ይጠመቁ፣ ይጠጡ፤ ነገር ግን «እምነት ያጐድላል» የሚል ቢመጣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒትዎን በፍጹም እንዳያቋርጡ። ቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን «ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ» (1ኛ ጢሞ. 5፥23) ብሎ ሲመክረው እምነቱን አልጠረጠረም፤ ለሆድ ሕመሙ የሚረዳውን አዘዘለት እንጂ።

አሁን ወደ ቀለበቱ እንምጣ። ኃጢአት አይደለም ማለት ያለ ምርመራ ይደረግ ማለት አይደለም። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲቈጥር አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28)፤ እርስዎም ሁለቱንም ወገን መቊጠር አለብዎት።

ቀለበቱ ከሲሊኮን የተሠራ ነው። በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ የጨጓራን የላይኛውን ክፍል ይከብበዋል፤ ከቀለበቱ በላይ የምትቀረው ከረጢት የምትይዘው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም የቡና ሲኒ ግማሽ ያህል ነው። ከቀለበቱ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ ከሆድ ቆዳ ሥር ከተቀበረች ትንሽ መቀበያ ጋር ይገናኛል፤ ሐኪሙ በዚያች በኩል በመርፌ የጨው ውኃ እየጨመረ ያጠብቀዋል፣ እየቀነሰም ያላላዋል። ጨጓራው አይቈረጥም፤ ካስፈለገም ቀለበቱ ሊወጣ ይችላል። በአሜሪካ በ2001 ሲፈቀድ ብዙዎች የወደዱት ስለዚህ ነበር።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። የሰውነት ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያ በእርስዎ 46 ገደማ ይደርሳል። በ1991 በአሜሪካ የወጣው የሐኪሞች መመሪያ ይህ መለኪያ 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ለተጨመረበት ሰው ቀዶ ሕክምናን ይፈቅድ ነበር፤ በ2022 የወጣው አዲሱ መመሪያ ደግሞ ሌላ ሕመም ሳይጠይቅ ከ35 ጀምሮ እንዲደረግ ይመክራል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናን ማሰብዎ ቅንጦት አይደለም። ብዙ የከሳ ሰው ስኳሩና ግፊቱ ይቀልለታል፣ ጉልበቱ ያርፋል፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ መቋረጡም ይሻለዋል። ነገር ግን የሚጠብቁትን በልኩ ያድርጉት። በቀለበት ጥሩ ውጤት ያገኘ ሰው የሚቀንሰው በአብዛኛው የትርፍ ክብደቱን ግማሽ ገደማ ነው። ለቁመትዎ የሚመከረው ከፍተኛው ክብደት 64 ኪሎ ቢሆን ትርፉ 54 ኪሎ ነው፤ ግማሹ ሲቀነስ 91 ኪሎ አካባቢ ይደርሳሉ ማለት ነው። ለጉልበትና ለስኳር ትልቅ እፎይታ ነው፤ እንደ ልጅነትዎ መቅጠን ግን አይደለም፤ ይህንም በብዙ ወራት እንጂ በአንድ ጊዜ አያገኙትም።

ጉዳቱን ወንድምዎም ሊያውቀው ይገባል። ቀለበቱ ከቦታው ሊንሸራተት፣ ከዓመታት በኋላም የጨጓራውን ግድግዳ በልቶ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ መቀበያዋ ልታመረቅዝ፣ ቱቦው ሊያፈስ፣ የምግብ ቧንቧው ሊሰፋ፣ ቃርና ማስታወክ ሊበረታ ይችላል። በእነዚህ ምክንያቶች ዳግመኛ ወደ ቀዶ ሕክምና የተመለሱና ቀለበቱን ያስወጡ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህም በዓለም ዙሪያ የቀለበቱ አጠቃቀም እጅግ ቀንሶ፣ የጨጓራውን ትልቁን ክፍል ቈርጦ በሚያስወግደው ስሊቭ በሚባለው ቀዶ ሕክምና ተተክቷል፤ እርሱ የበለጠ ያከሳል፣ የተቈረጠው ግን አይመለስም። ማደንዘዣውና የደም መርጋት ስጋቱ ለሁለቱም የጋራ ነው።

የቀለበቱ ዋና ችግር ደግሞ ሥራው ከኦፕራሲዮኑ ቀን በኋላ መጀመሩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ፣ ከዚያም በየጊዜው፣ የሚያጠብቅና የሚያላላ የሠለጠነ ሐኪም ያስፈልጋል። ወንድምዎ እርሱ ባለበት አገር አስገብቶልዎ ሁለት ሳምንት ቆይተው ቢመለሱ፣ አንድ ሌሊት ውኃ እንኳ አላሳልፍ ቢልዎት ቀለበቱን የሚያላላልዎ ማን ነው? የሐኪሙንና የሆስፒታሉን ስም ይዘው፣ «እርሳቸው ይከታተሉኛል» ብለው ለዚህ ጥያቄ እስካልመለሱ ድረስ ቀለበቱን እንዳያስገቡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ስለ ስሊቭም ሆነ ያለ ቀዶ ስለሚሰጡት መድኃኒቶች የስኳር ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይወስኑ። ቀለበቱ ጠጣርን ያግዳል እንጂ ፈሳሽን አያግድም፤ ለስላሳው፣ ጭማቂውና የተፈጨ ጣፋጭ ሁሉ ሳይሰማዎት ያልፋል፤ ገንዘቡን ከፍለው፣ ሕመሙን ችለው ክብደታቸው ያልቀነሰላቸው ሰዎች አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ራስን መግዛት ከኦፕራሲዮኑ በኋላም የእርስዎ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ልብዎን እንዲመረምሩ እጠይቃለሁ። ይህን የሚያደርጉት ስኳሩን፣ ግፊቱንና ጉልበቱን ፈርተው ከሆነ በጸሎት ይቀጥሉ። የሰፈሩን አፍ ለማዘጋት ብቻ ከሆነ ግን ጥቂት ይታገሡ፤ የሚሳደብ ሰው ሲከሱም የሚለው አያጣም፣ የሕክምናው ሸክም ግን በእርስዎ ላይ ይቀራል።

ስለ ጾሙ። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛን ያስባል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት በፈሳሽና በላመ ምግብ ብቻ ሲቈዩ ሐኪሙ ወተት ወይም እንቁላል ቢያዝዝልዎ ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ነግረው ይውሰዱ፤ ጾም እንደ ሻረ ሰውም ሕሊናዎን አያስጨንቁ። ካገገሙ በኋላ ጾሙን ይመለሱበታል፤ አኳኋኑ ግን ይለወጣል። በዘጠኝ ሰዓት የቀኑን ምግብ በአንድ ጊዜ መብላት ለቀለበት አይሆንም፤ ትኩስ ዳቦና የሚጣበቅ ምግብ ሁሉ ይሰነቀርና ያስመልሳል፤ ትንሽ ቈርሶ፣ አላምጦ፣ ቈይቶ መብላት ያስፈልጋል፤ ውኃም ከምግብ ጋር ሳይሆን ለብቻው፣ በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ ይጠጣል። በድሬዳዋ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ መቈየት ለእንዲህ ያለ ሰው አደገኛ ነውና የሰዓቱን ነገር ለብቻው ያስወስኑ። ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለምንከለከል ሐኪምዎ የቫይታሚን ቢ12ና የብረት ምርመራ እንዲያደርግልዎ ይጠይቁ፤ ምስር፣ ሽምብራና በደንብ የላመ ፎልም ከገበታዎ አይጥፉ። ቤተሰብዎም በድግስ ቀን «በሞቴ» እያለ ጉርሻ አያስገድድዎ፤ በፍቅር የተሰጠች አንዲት ትልቅ ጉርሻ ቀለበት ያለበትን ሰው ከማዕድ አስነሥታ ታስመልሰዋለች።

ስለ ቅዱስ ቁርባን። ከመቀበል በፊት 18 ሰዓት መጾም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው በራሱ ምክር ይፈልጋል፤ ሰዓቱንና መጠኑን ሐኪሙ አስቀድሞ ሳያስተካክልልዎ አይጀምሩ። ማስታወኩ እስኪቆም ድረስ ደግሞ ሳይናገሩ ወደ ቁርባን አይቅረቡ፤ የቀረበ ሰው ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት ያውቃሉ፣ በቅርብ ቀለበት የገባለት ሰው ግን መመለሱን ሁልጊዜ ሊያግደው አይችልም። በዚህ ማፈር አይገባም። ምን እንደሚበሉ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚጠጡ፣ ማስታወክ እንዳለብዎና እንደሌለብዎ ሐኪሙ በአጭሩ እንዲጽፍልዎ አድርገው ወረቀቱን ለንስሐ አባትዎ ይስጧቸው። የሚጾሙበትን ሰዓትና ወደ ቁርባን የሚመለሱበትን ቀን እርሳቸው ይወስኑልዎታል፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊትም ንስሐ ገብተው እንዲቀበሉ ቀኑን ከወዲሁ ከእርሳቸው ጋር ይነጋገሩ።