የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጅማን በባጃጅና በታክሲ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ጅማን ሊጎበኙ ካሰቡ ሰዎች የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያነሱት አንድ ነገር ነው፦ የራስ መኪና ሳይኖር፣ ኮንትራትም ሳያበዙ ከተማዋን እንዴት ማየት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ለአምስት ቀን ሥልጠና ጅማ እመጣለሁ። በትርፍ ሰዓቴ ገበያውንና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ማየት፣ ጥሩ ምግብም መቅመስ እፈልጋለሁ። ባጃጅ በያዝኩ ቁጥር የኮንትራት እንዳልከፍል ምን ላድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መስመር ይዞ ሰው እየጫነ የሚሄደውም ባጃጅ ኮንትራት የሚሠራውም ያው አንዱ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የእርስዎ አጠራር ነው። ባዶውን የቆመ ባጃጅ ጠርተው «ፈረንጅ አራዳ ውሰደኝ» ካሉት ሾፌሩ በኮንትራት ይቆጥረዋል። መድረሻ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ሰው የጫነና አንድ ቦታ የቀረው ሲመጣ ግን እጅዎን አንስተው የቦታውን ስም ብቻ ይጥሩ፤ መስመሩ ከሆነ ይቆማል፣ ካልሆነ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ባዶ ከሆነ ከመግባትዎ በፊት «በሰው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ብር ታተርፋለች።

ታሪፉ ከነዳጅ ዋጋ ጋር ስለሚቀያየር እዚህ አንጽፈውም። የዕለቱን ዋጋ ከጎንዎ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ይጠይቁ። ዝርዝር ብር መያዝ አይርሱ፤ ጠዋት ላይ ለአንድ አጭር መንገድ ባለ 200 ብር ኖት የሚሰጥ ሰው መልስ እስኪገኝ ይጉላላል። መውረድ ሲፈልጉ «ወራጅ አለ» ማለት በቂ ነው፤ በኦሮምኛ ማለት ከፈለጉ «አሲቲ ነን ቡአ» ይበሉ፣ ዋጋ ለመጠየቅ ደግሞ «ሜቃ?»።

ሚኒባስ ታክሲ የሚያዋጣው ረዘም ላለ መንገድና ዕቃ ሲይዙ ነው። መንገድ ቢጠፋብዎ «መርካቶ» የሚሄድ ማንኛውንም ይያዙና ከዚያ እንደገና ይነሱ።

ለገበያው ከአምስቱ ቀን ሐሙስን ይምረጡ። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚገናኝበት ነበር፤ ዛሬም ከዙሪያ ወረዳዎች ቡና፣ ማር፣ ቅቤ፣ ቅመምና የእጅ ሥራ ይዞ የሚገባው ገበሬ የሚበዛው በዚያው ቀን ነው። ሥልጠናው ከያዝዎ የምሳ ሰዓትን ይጠቀሙ። አርብን ለግብይት አይምረጡ፤ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ለጁምዓ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ በመስጊዶች አካባቢም መንገዱ ይጨናነቃል።

ኮንትራት መያዝ የሚገባው ቤተ መንግሥቱ ላለበት ለጅሬን ኮረብታ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሃል ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መንገዱም ዳገት ነው። ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ እዚያ ዳገት ላይ ይዳከማል፣ ከላይም ተሳፋሪ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሾፌሩ የባዶ መልሱን ጨምሮ ነው ሂሳብ የሚጠራው። ስለዚህ «ደርሶ መልስ፣ አንድ ሰዓት ጠብቀህ» ብለው አስቀድመው ይስማሙ፤ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ሲመለሱ ይስጡ። የመሄጃውን ብቻ ተስማምተው የወጡ ሰዎች መመለሻውን የሚደራደሩት ሌላ ባጃጅ በሌለበት ኮረብታ ላይ ነው። እግርዎ ጠንካራ ከሆነ በባጃጅ ወጥተው ቁልቁለቱን በእግር መውረድም ይቻላል፤ ከተማዋ ከፊት ለፊት ተዘርግታ ትታያለች። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለማይታመን ጠዋት ይውጡ።

ቤተ መንግሥቱ የዳግማዊ አባ ጅፋር መኖሪያ ነበር፤ እሳቸው የጅማ ንጉሥ ሆነው የቆዩት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ከሁሉ በፊት የእንጨት ሥራውን፣ ሰገነቱንና በአጠገቡ ያለውን መስጊድ ልብ ብለው ይዩ። የንጉሡ መገልገያ ዕቃዎች ለረጅም ዘመን የኖሩት ግን ከተማው ውስጥ ባለው ሙዚየም ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ያቅዱ፣ ሙዚየሙን ያስቀድሙ። የመንግሥት የምሳ ሰዓት ከ6:30 እስከ 7:30፣ አርብ ደግሞ ከ5:30 ጀምሮ መሆኑን አይዘንጉ።

ጥያቄ፦ የጅማ በርጩማ ገዝቼ አዲስ አበባ ስገባ በወሩ መሃሉ ተሰነጠቀ። እንደገና መግዛት እፈልጋለሁ፤ ምን ልይ? በአውቶቡስስ እንዴት ላምጣው?

መልስ፦ የተሰነጠቀው እንጨቱ ሳይደርቅ ስለተጠረበ ነው። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ በመሆኑ መገጣጠሚያ የለውም፤ እርጥቡ ሲወጣ እንጨቱ ይኮማተራል፣ የሚለቅለት መጋጠሚያ ስለሌለ ደግሞ ራሱን ይተረትራል።

ሲገዙ በርጩማውን ገልብጠው ከሥሩ ይጀምሩ። ከላይ ቀለምና ቫርኒሽ ብዙ ነገር ይሸፍናል፣ ከሥር ግን ብዙ ጊዜ አይቀባም። የመቀመጫው ግርጌ ላይ የግንዱ እምብርት፣ ማለትም የክብ ክብ መስመሮቹ መነሻ ነጥብ ከታየ ይተዉት፤ ስንጥቅ ከዚያ ነው የሚነሳው። መስመሮቹ ገባ ብለው እንደ ቅስት የሚሄዱበት፣ ማለትም ከግንዱ ጎን የወጣ ይሻላል። ቀጥሎ በጣት ያንኳኩ፤ የደረቀ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥብ የታፈነ። መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት አንስተው ያመዛዝኑ፤ በጣም የከበደው ውሃ ያለበት ነው። በመጨረሻ በጥፍርዎ በጥቁር መስመሮች ላይ ይፈትጉ፤ በሙጫና በሰጋቱራ የተደፈነ ስንጥቅ ከሆነ ይላጣል። የዋንዛ እንጨት ለዚህ ሥራ የሚወደደው ቀለል ያለና ለመጥረብ የሚመች ስለሆነ ነው።

በርጩማውን ገበያ ሲጨርሱ በመጨረሻ ይግዙ፤ ተሸክሞ በሰው ባጃጅ መግባት የሌላ ሰው ቦታ መያዝ ነው፣ ያስከፍላልም። ለአውቶቡስ በማዳበሪያ ይጠቅልሉት፤ በላስቲክ ከታፈነ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫን ከሆነ መቀመጫው ወደታች፣ እግሮቹ ወደላይ ይሁኑ፣ ከላይም ሌላ ሻንጣ ይጋርደው። ጅማ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ጎኑ ብቻ ያን ሁሉ ሰዓት ፀሐይ ሲመታው የመጀመሪያው ስንጥቅ መንገድ ላይ ይጀምራል። ቤት ሲገባ ለጥቂት ሳምንት ከመስኮትና ከምድጃ ያርቁት። ያልተቀባ ከሆነ የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገው ይቀቡት።

ጥያቄ፦ ለቤት የሚሆን ጥሬ ቡና ከገበያ ስገዛ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ አንድ ፍሬ በጥርስ ይንከሱ። ጥርስ ከገባበት እርጥብ ነው፣ ይሻግታል፤ ጠንክሮ ቀጭ ካለ ደርቋል። ከዚያ እፍኝ ሙሉ ዘግነው ያሽትቱ፤ የሻጋታ፣ የጭስ ወይም የነዳጅ ሽታ ካለው ሲቆላም አይለቅም። አዲስ ምርት የሚሰበሰበው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው ገበያ ይመረጣል። 1 ኪሎ ጥሬ ሲቆላ ከ800 እስከ 850 ግራም ነው የሚቀረው። ሲጓዙ ከበርበሬና ከቅመም አንድ ቦርሳ ውስጥ አይክተቱት፤ ቡና የጎረቤቱን ሽታ ይስባል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ አልኮል አንጠጣም፣ ረቡዕና አርብም እንጾማለን። ማታ የት ሄደን ምን እንበላለን፣ ምንስ እናያለን?

መልስ፦ ጾሙ አያስቸግራችሁም፤ በየአይነቱ በብዙ ቤት አለ፣ ማለቂያው ላይ የተራረፈ እንዳይደርሳችሁ ግን ከምሳ ሰዓት አትዘግዩ። በፍስክ ቀን ሥጋ ስትበሉ የክርስቲያንና የሙስሊም ምግብ ቤቶች የተለዩ ስለሆኑ ከመቀመጣችሁ በፊት የበሩን ጽሑፍ እዩ። ርካሽና ትኩስ ፉል ወይም ፍርፍር ከፈለጋችሁ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አካባቢ ይሻላል፤ ተማሪ ስለሚበዛ ምግቡ አያድርም። በእረፍት ወቅት ግን ብዙዎቹ ይዘጋሉ። አካባቢው አቮካዶ በብዛት ስለሚያበቅል ስፕሪስ ጁስ ሳትጠጡ አትመለሱ፤ «ስኳር ሳይገባ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ካልተናገራችሁ በብዛት ይጨመርበታል።

ከመጠጥ ቀሪቦን እንመክራለን፤ አልኮል ለማይጠጣ ሰው በጅማ በበዓልም በአዘቦትም ይቀርባል። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድራል። ሁለተኛው ስኳር የሚጨመረው ሲቀርብ ነው። ሲቆይ እርሾው ሥራውን ስለሚቀጥል ይኮመጥጣል፣ አልኮልም ያበጃል፤ ስለዚህ «መቼ ነው የተጣለው?» ብላችሁ ጠይቁና ያደረውን ብቻ ግዙ። በጠርሙስ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፣ ይገነፍላል።

ለመዝናኛ ኳስ አለ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው፤ ከተማዋም ለኳስ ያላት ፍቅር የታወቀ ነው። ስታዲየም ጨዋታ ካለ ፊሽካ እንደተነፋ በሩ ላይ ባጃጅ አትጠብቁ፤ ወደ መሃል ከተማ የሚወስደውን መንገድ ትንሽ በእግር ሄዳችሁ ያዙ። ጨዋታ ከሌለ የዲኤስቲቪ ቤቶች የአውሮፓን ኳስ ያሳያሉ። ሲመሽ የሚጋራ ተሳፋሪ ስለሚጠፋ ባጃጅ ወደ ኮንትራት ይዞራል፤ ማረፊያችሁን ከመሃል ከተማ ካደረጋችሁ በእግር ትመለሳላችሁ።

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለውን የቦዬን ረግረግ ጉማሬ ለማየት የምታስቡ ከሆነ በጠራራ ብርሃን ይሁን። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ስለሚወጣ በማታና በንጋት ዳርቻው ላይ መቆም አደገኛ ነው፤ ከመንገዱ ከፍታ ሆናችሁ እዩ፣ በእንስሳውና በውሃው መሃልም በፍጹም አትግቡ።