ከአፕዴት በኋላ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የደኅንነት አፕዴት ጭኖ ሲያበቃ አልነሳ ስላለ ኮምፒውተር። የማውቀው ዊንዶውስን ነው፤ በሌላው አልዘባርቅም። ስትጠይቁ ሁለት ነገር ጻፉልኝ፤ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚልና እስካሁን ምን ምን እንደነካካችሁ። እስከዚያው ፎርማት የሚባለውን ነገር እርሱት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ላፕቶፔ ትናንት አፕዴት አድርጎ አልነሳ አለኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የኔ 35 በመቶ ላይ ቆመ። «አታጥፉት» የሚል ጽሑፍ አለው። አንድ ሰዓት አለፈው።

መልስ፦ እንግዲያው አታጥፋው። ቻርጀሩን ሰክተህ ተወው። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ እየሠራ ነው፤ አሮጌ ዲስክ ቀርፋፋ ነው። አድሮም እዚያው ከሆነ ማብሪያውን 10 ሴኮንድ ያህል ተጭነህ አጥፋና መልሰህ አብራው። ብዙ ጊዜ የጫነውን አፕዴት ራሱ ማራገፍ ይጀምራል። በዚያ መሃል እጅህን ሰብስብ።

ጥያቄ፦ የኔ ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ስክሪን መጣና «ሪከቨሪ ኪ አስገባ» አለኝ። የይለፍ ቃሌን ብጽፍ እምቢ አለ። ቫይረስ ነው?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም። እንዲህ ነው ጥያቄ! ረጋ ብለህ አንብበኝ።

ቢትሎከር ይባላል። ዲስክህ ተቆልፏል። መክፈቻውን የያዘችው ቲፒኤም የምትባል ቺፕ ናት። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው ፕሮግራም)፣ የሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለው) ቅንብሩና የማስነሻ ፋይሎቹ እየተለኩ ልኬቱ እሷ ጋ ይመዘገባል። ከድሮው ጋር ከገጠመ ምንም ሳትጠይቅ ትከፍታለች። አፕዴቱ ከነዚህ አንዱን ከቀየረ ግን በሩን ትዘጋለች። ባለቤቱ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ዘበኛው አላወቀውም በለው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት ምንም ያላጠፉ ሰዎችን እዚሁ ስክሪን ላይ ጥሏቸው ነበር።

የሚፈልገው የይለፍ ቃልህን አይደለም፣ ፒንህንም አይደለም። 48 አሃዝ ነው፤ ስድስት ስድስት ሆኖ በ8 ቦታ የተከፈለ። «እኔ እንዲህ ያለ ቁልፍ አላወጣሁም» እንዳትለኝ። በማይክሮሶፍት አካውንት የገባህበት ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ራሱ ቆልፎ ቁልፉን አካውንትህ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ከስልክህ አካውንትህን ክፈት። ግን የትኛውን? ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲከፈት የገባበትን ኢሜይል እንጂ ዛሬ የምትጠቀምበትን አይደለም። ስንቱ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል! የመሥሪያ ቤት ከሆነ ቁልፉ አይቲ ክፍል ነው። ከአንድ በላይ ቁልፍ ካገኘህ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የኪ አይዲ የመጀመሪያ 8 ፊደልና ቁጥር አመሳክር።

ቁልፉ ከሌለ ዳታው የለም፤ ማይክሮሶፍትም አይከፍትልህም። እስኪገኝ ደግሞ ፎርማት የለም። ከዓመታት በፊት የወንድሜ ላፕቶፕ እንዲህ ሆኖ መጣልኝና «ይሄ ያበቃለት ነው» ብዬ ፎርማት አደረግኩት። በሳምንቱ ሚስቱ መሳቢያ ስታጸዳ አንድ ለሁለት የታጠፈ ወረቀት አገኘች። 48ቱ አሃዝ ተደርድረውበታል። ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር እስከዛሬ ያነሱብኛል።

አንድ አባል፦ ቢትሎከር የሚሰብር ፕሮግራም ቴሌግራም ላይ አይቻለሁ። ልላክለት?

መልስ፦ እንዳትልክ። 48 አሃዝ በግምት አይገኝም። ያ ፕሮግራም የሚሰብረው ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አፕዴት ካደረገ በኋላ ጥቁር ስክሪን ብቻ። ማራገቢያው ይጮሃል፣ የአምራቹ ምልክት እንኳ አይመጣም።

መልስ፦ ምልክቱ ካልመጣ ገና ዊንዶውስ ጋ አልደረስክም። ቻርጀሩን፣ ፍላሹን፣ የተሰካውን ሁሉ ንቀል። ማብሪያውን 30 ሴኮንድ ተጫን። ቻርጀሩን ብቻ መልሰህ ሞክር። ሌላ ሞኒተርም ካለህ ሰካበት፤ የሞተው ስክሪኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ አፕዴቱ አዲስ ባዮስም ይዞ ይመጣል፤ ያ መሃል ላይ ከተቋረጠ ግን ነገሩ ወደ ጥገና ባለሙያ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የኔ ምልክቱ ይመጣል፣ ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ፣ ከዚያ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። እንደገና፣ እንደገና። ምንም አልነካሁም።

መልስ፦ ተባረክ፣ እንዲህ ተጠየቅ። ምልክቱ ብቅ ሲል ማብሪያውን ተጭነህ አጥፋው። ይሄን ሁለት ሦስት ጊዜ ብታደርግ ዊንዶውስ ራሱ የጥገናውን ሜኑ ያመጣዋል። «ትራብልሹት» በል፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «አንኢንስቶል አፕዴትስ»። ሁለት ምርጫ ይሰጥሃል። ወርሃዊው የደኅንነት አፕዴት «ኳሊቲ» የሚለው ነው፤ እሱን አራግፍ። «ፊቸር» የሚለው ትልቁ የዊንዶውስ ቅያሪ ነው፤ መመለሻው አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው። ይሄ እምቢ ካለ እዚያው ሜኑ ውስጥ ሲስተም ሪስቶርን (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰውን) ሞክር፣ ቀጥሎ ሴፍ ሞድን (ዊንዶውስን የግድ በሚያስፈልገው ብቻ የሚያስነሳውን)። ማንኛውም መንገድ ላይ ቢትሎከር ቁልፉን ሊጠይቅህ ይችላል፤ አስቀድመህ በእጅህ ያዘው። «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚለውን ግን አትንካ።

ጥያቄ፦ ሜኑው መጣልኝ፣ ግን ማውሱም ኪቦርዱም አይሠራም!

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የወጣው የዊንዶውስ 11 አፕዴት ልክ ይሄን ችግር አምጥቶ ነበር። በዩኤስቢ የተሰካ ማውስና ኪቦርድ ዊንዶውስ ውስጥ ይሠራል፣ ጥገና ሜኑው ላይ ሲደርስ ይሞታል። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ማስተካከያ አወጣ። የማይነሳ ማሽን ማስተካከያውን ከየት ይጭናል? ስክሪኑ የሚነካ ከሆነ በጣትህ ሂድ። የድሮው ክብ መሰኪያ ያለው ኪቦርድም ይሠራል። ካልሆነ በሌላ ኮምፒውተር የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አዘጋጅና በሱ አስነሳው፤ እዚያም «ሪፔር» የሚል አለ። «ኢንስቶል» እንዳትጫን።

አንድ አባል፦ ለዚህ እኮ ነው እኔ አፕዴት ዘግቼ የምተኛው። ሦስት ዓመቴ፣ ሰላም ነኝ።

ሌላ አባል፦ ዋናክራይ የተባለውን፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ቫይረስ ረሳኸው? ማስተካከያው በማርች 2017 ወጥቶ ነበር። ቫይረሱ የመጣው በሜይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያልጫኑት ናቸው የተበሉት።

የመጀመሪያው አባል፦ 2024ስ? 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተር በአንድ ቀን ያጋደመው አፕዴት አይደለም?

መልስ፦ እሱ የዊንዶውስ አፕዴት አልነበረም። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የሚባል ኩባንያ ለደኅንነት ሶፍትዌሩ የላከው የተበላሸ ፋይል ነው። በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሰው ሰበሰቡት፤ የተቀበሉት ማሽኖች ግን አንዴ ወድቀዋል። መፍትሔው በሴፍ ሞድ ገብቶ አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። አንድ ፋይል! የአይቲ ሰዎችን ለቀናት ያሠቃያቸው እያንዳንዱ ማሽን ጋ በእግር መሄዱ፣ በዚያ ላይ የእያንዳንዱን የቢትሎከር ቁልፍ ፍለጋው ነው። አያችሁ? ዞሮ ዞሮ ቁልፉ።

ሦስተኛ አባል፦ ዊንዶውስን ትታችሁ ሊኑክስ ጫኑና ተገላገሉ።

መልስ፦ አንተ ደግሞ መጣህ። በኦገስት 2024 የዊንዶውስ አፕዴት ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን የጫኑትን ሰዎች ሊኑክሳቸው እንዳይነሳ አድርጎ ነበር፤ «ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ቫዮሌሽን» እያለ። ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ሊኑክስ መግባት፣ ኤስባት የሚባለውን (የቆዩ ማስነሻዎችን የሚያግደውን) ፖሊሲ መሰረዝ፣ ሴኪዩር ቡትን መልሶ ማብራት ነበር መውጫው። ሴኪዩር ቡት ከመነካቱ በፊት ምን ይያዛል? ጎበዝ፣ ቁልፉ።

ጥያቄ፦ ማክቡኬ ከአፕዴት በኋላ...

መልስ፦ ማክ አላውቅም።

አንድ አባል፦ አዲሱ የአፕል ቺፕ ያለው ከሆነ መጀመሪያ አጥፊው፤ ከዚያ ማብሪያውን ሳትለቂ ያዢው፣ የማስነሻ ምርጫዎች ይመጣሉ። ቀሪውን በውስጥ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ አልነሳ አለ። መፍትሔ?

መልስ፦ ስክሪኑ ላይ ምን ይላል? ከላይ ጽፌዋለሁ እኮ!

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ከምታወሩት የገባኝ የለም። የልጅ ልጆቼ ፎቶ ጠፋ ማለት ነው? ኮምፒውተሩ ሲነሳ ካ፣ ካ የሚል ድምፅ አለው።

መልስ፦ እናቴ፣ ፎቶዎቹ ገና አልጠፉም፤ ድምፁ ግን አላማረኝም። ዲስኩ ራሱ እየታመመ ነው፤ አፕዴቱ ላይ የተገጣጠመ ይመስለኛል። አሁኑኑ ያጥፉት፣ ደግመውም እንዳያበሩት። ባለሙያ ጋ ሲወስዱ «መጀመሪያ ፎቶዎቹን ገልብጥልኝ» ይበሉት። ሳይገለብጥ «ቼክ ዲስክ ላድርግለት» (ዲስኩን ልፈትሽና ልጠግን) ካለ ይዘውት ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሪከቨሪ ኪው ልጅ ነኝ። አካውንቴ ውስጥ ሁለት ቁልፍ አገኘሁ፣ ሁለቱም አይዲያቸው አይገጥምም።

መልስ፦ ላፕቶፑን መጀመሪያ የከፈተው ማነው?

ጥያቄ፦ እህቴ። ስትገዛው በራሷ ኢሜይል ነበር የከፈተችው... ቆይ ልደውልላት።

ጥያቄ፦ ተነሳ! እሷ አካውንት ውስጥ ነበር። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፈው። ወረቀቱን ግን ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ እንዳታስቀምጠው።