የሰው ክኒን አትዋጡ!

1. በውጭ አገር የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ የመኖሪያ ወረቀታችሁን ቶሎ ጨርሱ። ኢንሹራንስ ያዙ፣ ቋሚ ሐኪም ይኑራችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ሆስፒታል ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አያስከፍልም። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

2. ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ሲታዘዝላችሁ ጠይቁ። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው በዋናነት ጉበት ውስጥ ሞርፊን ወደሚባል ኃይለኛ ማስታገሻ ሲቀየር ነው። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። አንዳንድ ሰው የኢንዛይሙን ዘረ መል ደራርቦ ይወለዳል፤ ሁለት ሦስት እጥፍ፣ ከዚያም በላይ። እንዲህ ያለ ሰው ያቺኑ አንድ ክኒን ሲውጥ ከሌላው የበለጠ ሞርፊን ደሙ ውስጥ ይገባል፣ ያውም በፍጥነት። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ላይ የተደራረበው ዘረ መል ተገኝቷል። ስዊድናውያን ዘንድ አንድ ሁለት በመቶ ቢሆን ነው። ሐኪማችሁ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ፎርሙ ላይ ያለው "ጥቁር" የሚል ሳጥን ነው፣ ከየት እንደመጣችሁ አይነግረውም። እናንተ ንገሩት! ኢንዛይሙ የሌላቸውም አሉ፤ እነሱ ኮዴይን ቢውጡ ሕመሙ ንቅንቅ አይልም። "አጋነንክ" ቢባሉ ዝም አይበሉ፣ የዘረ መል ምርመራ ይጠይቁ፤ በደም ወይም በምራቅ ይሠራል።

3. ልጅና አራስ። እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንም፣ ትራማዶል የሚባለው ሌላ ማስታገሻም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ከልክሏል፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስድ አስጠንቅቋል። ከቶንሲል ኦፕራሲዮን በኋላ ኮዴይን ተሰጥቷቸው ትንፋሻቸው ቆሞ የሞቱ ልጆች አሉ። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? አራስ ጥየቃ ገንፎ ይዘን እንሄዳለን፣ ወገቤን ስትል ከቦርሳችን የተረፈ ክኒን እናወጣለን። "ታይሌኖል እኮ ነው፣ ምንም አይልሽም!" ታይሌኖል ቁጥር 3 የሚባለው ውስጥ ኮዴይን አለ እኮ፣ እህቶቼ! የእናትየው ሞርፊን በጡቷ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል። ይባስ ብሎ የተረፈውን ሻንጣ ውስጥ ከትተን ለአገር ቤት ዘመድ እንልካለን። ማን ይዋጠው፣ ስንት ይዋጥ፣ የሚከታተለው የለም።

እናቴ የትኛው መድኃኒት ራሷን ያስታት እንደነበር በሕይወት እያለች አልጠየቅኳትም። ዛሬ ሐኪም "ቤተሰብህ ውስጥ መድኃኒት የማይስማማው አለ?" ሲለኝ የምመልሰው የለኝም፣ ያንገበግበኛል። እናንተ ዛሬውኑ ደውሉና ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት።

መድኃኒት አትውሰዱ አላልኩም። የታዘዘላችሁን በታዘዘው ልክ ውሰዱ፤ ከወሰዳችሁ በኋላ ከልክ ያለፈ እንቅልፍና መደንዘዝ ከመጣ ግን ሁለተኛውን ሳትውጡ ሐኪም ጋ ደውሉ። እናቱ ክኒን የወሰደች ሕፃን አልነቃ፣ ጡት አልይዝ ካለ ወይም ትንፋሹ ከከበደው ዘመድ ጋ አትደውሉ፤ አምቡላንስ ጥሩ።