ብቻሽን ስትበሪ «ክሊርድ» የሚለውን ሳትሰሚ አትግቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። የግል አብራሪ ፈቃድሽን አሜሪካ ጨርሰሽ ለእረፍት ጅማ መጥተሻል፤ ስትመለሺ የኢንስትሩመንት (ውጭውን ሳታዪ በመሣሪያ የመብረር) ሥልጠና ትጀምሪያለሽ። አጠገብሽ ሌላ አብራሪ ሳይኖር ሥራ የሚበዛበት አየር ክልል እንዴት እንደሚገባና አየር ላይ ሆነሽ ክሊራንስ፣ ማለትም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው (የኮንትሮለሩ) ፈቃድ፣ እንዴት እንደሚጠየቅ ነው የጠየቅሽው። የክላሶቹን፣ ማለትም የአየር ክልል ደረጃዎቹን፣ ትርጉም ተፈትነሽበታልና አልደግመውም።

1. ኮንትሮለሩ መለሰልሽ ማለት ሁልጊዜ ፈቀደልሽ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። እዚያ አገር ክላስ ሲ እና ዲ ለመግባት የሬዲዮ ግንኙነት መፈጠሩ ይበቃል። የአውሮፕላንሽን መለያ ጠርቶ «ስታንድባይ» (ጠብቂ) ካለሽ ግንኙነቱ ተፈጥሯል፤ «ውጭ ቆዪ» እስካላለሽ ድረስ ትገቢያለሽ። መለያሽን ሳይጠራ «ኤርክራፍት ኮሊንግ፣ ስታንድባይ» ካለ ግን አልተፈጠረምና ከድንበሩ ውጭ ዙሪ።

ክላስ ቢ ከዚህ ይለያል። ስኳክ ኮድ (ራዳር ላይ የምትለዪበት ቁጥር) ይሰጥሻል፣ «ራዳር ኮንታክት» (ራዳር ላይ አይቼሻለሁ) ይልሻል፣ አቅጣጫና ከፍታም ይነግርሻል። በቪኤፍአር (ውጭውን በዓይን እያዩ በሚበረርበት ደንብ) እየበረርሽ ከሆነ ይህ ሁሉ ተደምሮ ፈቃድ አይሆንም። «ክሊርድ ኢንቱ ዘ ብራቮ» (ክላስ ቢ እንድትገቢ ተፈቅዶልሻል) የሚለው ከራስሽ መለያ ጋር መነገር አለበት። ከተጠራጠርሽ ድንበሩ ሳይደርስ ጠይቂ፤ መልስ ከዘገየ ዙሪ። ድንበሩን አልፈሽ ከሆነና ስለ ጥፋቱ ካረፍሽ በኋላ የምትደውዪበት ስልክ ቁጥር ካነበቡልሽ፣ መጀመሪያ አውሮፕላኑን አረጋጊ፣ ቁጥሩን ከዚያ ጻፊ። በ10 ቀን ውስጥም ለናሳ የደኅንነት ሪፖርት ላኪ። ሳታውቂ ያደረግሽው ከሆነ ጥፋቱ ባይሰረዝም ቅጣቱን ሊያስቀርልሽ ይችላል። ይህንን ለተማሪ ቀድሞ አለመንገር ግፍ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚሰማው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

አገርሽ ተመልሰሽ ስትበሪ ደግሞ የአሜሪካውን ልማድ ተይው። በዓለም አቀፉ ደንብ ክላስ ሲም ዲም ክሊራንስ ይፈልጋሉ፤ «መለያዬን ጠርቶኛል» ብሎ መግባት አይሠራም።

2. አየር ላይ የአይኤፍአር (በመሣሪያ የመብረር ደንብ) ክሊራንስ ለመውሰድ ካሰብሽ የበረራ ፕላኑን ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በፊት አስገቢ፤ መነሻውንም ክሊራንሱን የምትቀበይበት ነጥብ አድርጊው። ብዙውን ጊዜ ካስመዘገብሽው ሰዓት 2 ሰዓት ካለፈ ሲስተሙ ያጠፋዋል። የመጀመሪያው ጥሪ አጭር ይሁን፦ መለያሽ፣ ያለሽበት ቦታ፣ «አይኤፍአር ሪኩዌስት»። ዝርዝሩን ሲጠይቅሽ ትናገሪያለሽ። ከመጥራትሽ በፊት ትሪም አድርጊ (አውሮፕላኑ መሪውን ሳትጫኚ እንዲረጋ አስተካክዪ)፣ አውቶፓይለት ካለ አብሪው፣ ጭንሽ ላይ ባለው ወረቀት አምስት መስመር አዘጋጂ፦ የክሊራንስ ገደብ (እስከ የት እንደተፈቀደልሽ)፣ መንገድ፣ ከፍታ፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ስኳክ። እጅሽ ነጻ ሳይሆን «ሬዲ ቱ ኮፒ» (ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ) አትበይ። «ስታንድባይ» ማለት ያንቺም መብት ነው።

እዚህም ኮድ ክሊራንስ አይደለም። «ክሊርድ ቱ» ብሎ መድረሻሽን እስኪነግርሽ ደመና ውስጥ አትግቢ። ዝቅ ብለሽ እየበረርሽ ከሆነ ደግሞ «እስከ 7,000 ጫማ ድረስ ከመሬትና ከመሰናክል ራስሽን መጠበቅ ትችያለሽ?» ይልሻል። አዎ ካልሽ ተራራው ያንቺ ኃላፊነት ሆነ። ፍሎሪዳ ላይ የሠለጠነ ሰው 7,000 ሲባል ሰማይ ይመስለዋል። የጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ግን ራሱ ከባሕር ጠለል 5,600 ጫማ ገደማ ላይ ነው፤ 7,000 ማለት ከአስፋልቱ 1,400 ጫማ ብቻ ነው። በዞኑ ውስጥ ከ3,000 ሜትር፣ ማለትም ከ9,800 ጫማ በላይ የሆኑ ተራሮች አሉ። ክረምት ላይ ደመናው ኮረብታው ላይ ተኝቶ የምታይ የጅማ ልጅ ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል። ካርታው ላይ ያለውን ዝቅተኛ ከፍታ ሳታይ «አፈርማቲቭ» (አዎ) አትበይ። ካልቻልሽ «አኔብል» (አልችልም)፣ አለቀ።

3. ይህ ለእኛ ልጆች ነው። በአነጋገራችን እናፍርና ያልሰማነውን «ሮጀር» ብለን እናልፈዋለን። ሮጀር «ሰምቻለሁ» ማለት እንጂ ሪድባክ (የታዘዝሽውን ደግሞ መናገር) አይደለም። ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ስኳክና የአልቲሜትር (የከፍታ መለኪያ) ቁጥር ተደግመው ይነገራሉ፤ ማኮብኮቢያ ፊት እንድትቆሚ ከታዘዝሽ ከነቁጥሩ ትደግሚዋለሽ። ያመለጠሽ መንገዱ ብቻ ከሆነ «ሴይ አጌይን ራውት» (መንገዱን ድገምልኝ) በይ፤ ሙሉውን አታስደግሚው። ኮንትሮለሩ ቢነጫነጭ ይነጫነጭ፤ ብቻሽን ነሽ፣ የሰማሽውን የሚያስተካክልልሽ ሌላ ጆሮ የለም።

እስክትሄጂ ድረስ በኢንተርኔት የሚተላለፈውን የኮንትሮለሮች ሬዲዮ ክፈቺ። ጅማ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ምሥራቅ አሜሪካ ጠዋት ነው፣ ሬዲዮው ይጨናነቃል። ክሊራንስ የሚነበብበትን ፍሪኩዌንሲ ምረጪ፣ በአምስቱ መስመር ጻፊ፣ ከዚያ የአብራሪውን ሪድባክ ሰምተሽ የጻፍሽውን አመሳክሪ። መጀመሪያ መንገዱ ላይ ትቀሪያለሽ፤ የአካባቢውን የነጥብ ስሞች ከካርታው አስቀድመሽ ካነበብሽ ግን ጆሮሽ መያዝ ይጀምራል።